ከመቶኛው ጀርባ ማን አለ? የዳሰሳ ጥናት ውጤቶችና የግልጸኝነት ጥያቄ

የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ለመማር የተነሳ ወጣት ቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «ከየትኛው ቋንቋ ልጀምር?» የሚል ነው። የሥልጠና ክፍያውን የሚሸፍነው ቤተሰብም፣ ሰንጋ ሸጦም ይሁን ከወር ደመወዙ ቀንሶ፣ ገንዘቡ ፍሬ በሚሰጥ ነገር ላይ እንዲውል ይፈልጋል። መልሱ ብዙ ጊዜ በቁጥር ተደግፎ ይመጣል፤ «ይህ ቋንቋ በዓለም አንደኛ ነው፤ ከመቶ ባለሙያዎች ይህን ያህሉ ይጠቀሙበታል» ይባላል። ቁጥሩ ማን ተጠይቆ እንደተገኘ፣ ማን ሳይጠየቅ እንደቀረና እንዴት እንደተሰላ ግን አብሮ የሚነገረው ከስንት አንዴ ነው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ክብደት እያገኘ መጥቷል። ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በሦስት ዓመታት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን መሠረታዊ የዲጂታል ክህሎት ለማስታጠቅ ያለመ ነው። በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስ፣ በአንድሮይድ መተግበሪያ ማበልጸግና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፎች የሚሰጠው ሥልጠና በኢንተርኔት አማካኝነት የሚከታተሉት ነው። ከመሠረታዊው ሥልጠና ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ግን የእያንዳንዱ ሠልጣኝ ነው። ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቀውም ይኸው ምርጫ ነው።

አርሶ አደሩም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። በየዓመቱ ስለ ማሳው፣ ስለ ምርቱና ስለ ከብቱ ይጠየቃል፤ የሰጠው መልስ በመቶኛ ተሰልቶ የዕቅድ መነሻ ይሆናል። ስለ ሶፍትዌር የሚደረግ የዳሰሳ ጥናትና ስለ ጤፍ የሚደረግ ጥናት በአንድ ሕግ ይመራሉ፤ የሁለቱም ተአማኒነት የሚለካው ከውጤቱ ጋር አብሮ በሚታተመው ማብራሪያ ነው።

ሦስት ቆጠራ፣ የተለያየ መልስ

የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማለት ሰው ለኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚጽፍበት ሥርዓት ነው። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት መተግበሪያም ሆነ ባንክ የደንበኞቹን ሒሳብ የሚይዝበት ሶፍትዌር በእነዚህ ቋንቋዎች የተጻፈ ነው። ማረሻ ለማረስ፣ ማጭድ ለአጨዳ እንደሚውለው ሁሉ ቋንቋዎቹም ለየሥራቸው ይመረጣሉ፤ ጃቫስክሪፕት በአብዛኛው ለድረ ገጽ ሥራ፣ ፓይተን ደግሞ በተለይ ለመረጃ ትንተናና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይውላል።

«አንደኛው የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ በ2024 የወጡ ሦስት ታዋቂ ቆጠራዎች የሰጡትን መልስ ጎን ለጎን ማየት ጠቃሚ ነው። የፕሮግራም ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት ስታክ ኦቨርፍሎው በዚያ ዓመት ባካሄደው የዳሰሳ ጥናት ጃቫስክሪፕት በ62 በመቶ መላሾች ጥቅም ላይ በመዋል ቀዳሚ ሲሆን፣ ፓይተን 51 በመቶ አግኝቷል። የኔዘርላንዱ ቲዮቤ ኩባንያ በየወሩ በሚያወጣው ደረጃ ግን በዚያው ዓመት ፓይተን አንደኛ ሲሆን፣ ጃቫስክሪፕት ስድስተኛ ደረጃ አካባቢ ነበር። ባለሙያዎች የጻፉትን ፕሮግራም የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ በበኩሉ ፓይተን ጃቫስክሪፕትን በልጦ መሪነቱን መያዙን አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ታይፕስክሪፕት የተባለው ሌላ ቋንቋ ወደ አንደኛነት መውጣቱን ይኸው ተቋም ገለጸ።

ከሦስቱ የዋሸ የለም። ልዩነቱ የመጣው እያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር በመቁጠራቸው ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው ሰዎችን «ባለፈው ዓመት በየትኞቹ ቋንቋዎች ሠራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ቲዮቤ ማንንም አይጠይቅም፤ የቋንቋው ስም በኢንተርኔት መፈለጊያዎች ሲፈለግ ምን ያህል ውጤት እንደሚያስገኝ ይቆጥራል። ጊትሃብ ደግሞ በራሱ ቋት ውስጥ የተከናወነውን ሥራ ይመዘግባል።

ለአርሶ አደሩ ነገሩ እንግዳ አይደለም። «በኢትዮጵያ ቀዳሚው ሰብል የቱ ነው?» ቢባል መልሱ በመለኪያው ይወሰናል። በሚሸፍነው መሬት ስፋት ከታየ ጤፍ ቀዳሚ ነው፤ በሚሰበሰበው ኩንታል ከታየ ግን በቆሎ ይበልጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው። መለኪያውን ሳይናገር «አንደኛው ጤፍ ነው» ወይም «አንደኛው በቆሎ ነው» የሚል ሰው ግን ሰሚውን ያሳስታል። የግልጸኝነት የመጀመሪያው መሥፈርትም ይኸው ነው፤ ምን እንደተቆጠረ መናገር።

ጥሬው መረጃ ሲወጣ

ስታክ ኦቨርፍሎው የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ2008 ሲሆን፣ ዓመታዊ ጥናቱን ማካሄድ የጀመረው በ2011 ነው። ጥናቱን ለዚህ ትንታኔ ተገቢ ምሳሌ የሚያደርገው ስፋቱ ሳይሆን የአስተታተሙ ልማድ ነው። ተቋሙ የተጠቃለለውን መቶኛ ብቻ አያወጣም፤ የመላሾችን ማንነት የሚገልጸውን ነገር አስወግዶ የእያንዳንዱን ሰው ምላሽ ማንም ሊያወርደውና እንደገና ሊያሰላው በሚችል ሰንጠረዥ ለሕዝብ ይለቃል። ፈቃዱም ሌሎች መረጃውን ወስደው እንዲሠሩበት የሚያስችል ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ጥናቱ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደተዘጋ፣ ስንት ሰው እንደመለሰና መላሾቹ ከየት እንደተገኙ ይገልጻል። የ2024ቱ ጥናት ከግንቦት 19 እስከ ሰኔ 20 እ.ኤ.አ ክፍት የነበረ ሲሆን፣ ከ185 አገራት 65 ሺህ 437 ሰዎች ምላሽ ሰጥተውበታል። መላሾቹ በዋናነት የተገኙት ተቋሙ በራሱ ገጾችና የኢሜይል ዝርዝሮች ባስተላለፈው ጥሪ በመሆኑ፣ ገጹን አዘውትረው የሚጠቀሙ ሰዎች ጥሪውን የማየት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑንም ተቋሙ ራሱ ጽፏል። በአንዳንድ ዓመታት ደግሞ አሜሪካ ማዕቀብ በጣለችባቸው እንደ ኢራን፣ ኩባና ሶርያ ባሉ አገራት መጠይቁ ሊከፈት ያልቻለበት ሁኔታ እንደነበር ገልጿል።

ይህ ዓይነቱ ማብራሪያ ድክመትን መናዘዝ ሊመስል ይችላል። በተግባር ግን ለአንባቢው ቁጥሩን የሚመዝንበት ሚዛን መስጠት ነው። በ2018 የመላሾቹ ቁጥር ከ100 ሺህ በላይ ነበር። በ2023 ወደ 89 ሺህ 184፣ በ2024 ወደ 65 ሺህ 437 ወርዶ፣ በ2025 ደግሞ 49 ሺህ አካባቢ ሆኗል። መቶኛውን ብቻ የሚያይ ሰው «ፓይተን በ2024 ከነበረበት 51 በመቶ በ2025 ወደ 58 በመቶ አደገ» ብሎ ያልፋል። የመላሾቹን ብዛት አብሮ የሚያይ ሰው ግን ተጨማሪ ጥያቄ ያነሳል። ቋንቋውን የሚጠቀሙት ሰዎች ናቸው የበዙት ወይስ ለመጠይቁ ምላሽ መስጠት ያቆሙት ሌሎቹ ናቸው? ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥያቄውን ማንሳት የተቻለው ግን የመላሾቹ ቁጥር ስለታተመ ነው።

በቲዮቤ በኩል ያለው አሠራር ከዚህ ይለያል። ኩባንያው የስሌቱን ዘዴና የሚጠቀምባቸውን መፈለጊያዎች ይገልጻል፤ የየወሩን ደረጃም በነጻ ያሳያል። ሙሉው የቁጥር ስብስብ ግን በክፍያ የሚቀርብ ነው። የኩባንያው መብት ቢሆንም፣ ደረጃውን ከሥሩ ለመፈተሽ የሚፈልግ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ጋዜጠኛ የሚችለው ነገር ይወሰናል። ዘዴን መናገርና ጥሬ መረጃን መልቀቅ የግልጸኝነት ሁለት ደረጃዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

«83 በመቶ ወደደው» ሲባል ከስንቱ ነው?

በሶፍትዌር ጥናቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ በስህተት የሚጠቀሰው ራስት ስለተባለው ቋንቋ የሚነገረው ቁጥር ነው። ይህ ቋንቋ በስታክ ኦቨርፍሎው ጥናት እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ በየዓመቱ በተወዳጅነት ቀዳሚ ነው። በ2024 ያገኘው ውጤት 83 በመቶ ነበር። ይህን የሰማ ወጣት «ከመቶ ባለሙያ 83ቱ የሚወዱት ከሆነ ሥራም የሚገኘው በእርሱ ነው» ብሎ ቢደመድም አያስገርምም።

የታተመው የስሌት ማብራሪያ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። 83 በመቶው የተሰላው ከሁሉም መላሾች አይደለም፤ ባለፈው ዓመት በቋንቋው ከሠሩት መካከል ወደፊትም በእርሱ መሥራት የሚፈልጉት ተቆጥረው ነው። በቋንቋው የሠሩት ደግሞ ከመላሾቹ 13 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በእርሻ ቋንቋ ሲነገር የበለጠ ግልጽ ይሆናል። በአንድ ቀበሌ ካሉ 100 አርሶ አደሮች 13ቱ አዲስ የስንዴ ዝርያ ዘሩ እንበል። ከ13ቱ 11ዱ «ለከርሞም እንዘራዋለን» ቢሉ፣ «አዲሱን ዝርያ ከ80 በመቶ በላይ አርሶ አደሮች ወደዱት» ተብሎ ሊዘገብ ይችላል። ዝርያው ጥሩ መሆኑን ይህ ቁጥር ያመላክት ይሆናል። ቀሪዎቹ 87 አርሶ አደሮች ግን አልዘሩትም። ዋጋው ከብዷቸው ይሁን፣ ዘሩ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ወይም መሬታቸው ስለማይስማማው፣ ቁጥሩ ስለ እነርሱ ምንም አይናገርም። በዚያ ላይ አዲስ ነገር ቀድመው የሚሞክሩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሌላው የተሻለ መሬት፣ ገንዘብ ወይም መረጃ ያላቸው ናቸው። የእነርሱ እርካታ የሁሉም እርካታ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ መላሽ ብዙ ምርጫ ሊመርጥ በሚችልባቸው ጥያቄዎች ላይ ነው። በ2024ቱ ጥናት ጃቫስክሪፕት 62፣ ፓይተን 51 በመቶ ማግኘታቸው ድምራቸውን ከመቶ በላይ ያደርገዋል። ስህተት የለበትም፤ አንድ ባለሙያ ሁለቱንም ሊጠቀም ይችላል። አርሶ አደር ጤፍም በቆሎም እንደሚዘራው ማለት ነው። ጥያቄው በምን ቃል እንደቀረበ ካልታተመ ግን አንባቢው መቶኛውን እንደ ምርጫ ድምፅ ቆጥሮ «62 በመቶው ጃቫስክሪፕትን መረጠ፤ ሌላውን ተወ» ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ብዛት ጥራትን አይተካም

«ይህን ያህል ሺህ ሰው መልሷል» የሚለው ሐረግ ብዙዎችን ያሳምናል። ታሪክ ግን የሚያሳየው ብዛት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ነው። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ በ1936 በአሜሪካ የተፈጸመው ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት በዚያ ዓመት የፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ማን እንደሚያሸንፍ ለመተንበይ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ መጠይቅ በፖስታ ላከ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ምላሽም አገኘ። ከዚያ ቀደም በነበሩት ምርጫዎች ትንበያው ይሰምርለት ስለነበር ብዙዎች አመኑት። መጽሔቱ አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፍ አስታወቀ። ውጤቱ ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ይዘው ማሸነፋቸው ሆነ። በጆርጅ ጋሉፕ የሚመራው ተቋም ደግሞ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተንብዮ ነበር።

ስህተቱ የተፈጠረው መጠይቁ በተላከላቸውና በመለሱት ሰዎች ማንነት ነው። የስም ዝርዝሩ በአብዛኛው የተወሰደው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ኑሮው የተሻለ ሰው ነው። መጠይቁ ከደረሳቸውም ቢሆን ሞልተው የመለሱት ከሩብ ያነሱ ናቸው። መጽሔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ።

የሰብል ምርት ግምት የሚወስድ ባለሙያ ከዚህ ስህተት የሚጠበቅበትን ዘዴ አርሶ አደሩ በዓይኑ አይቶታል። ባለሙያው ናሙና የሚያጭድበትን ቦታ በዓይኑ መርጦ አይደለም የሚወስነው፤ ቦታው በዕጣ ይወጣል። መንገድ ዳር ያለውንና ፍሬው ያማረውን ብቻ ቢያጭድ፣ ሺህ ማሳ ቢዞር እንኳ የሚያገኘው የተዛባ ግምት ነው። በገዛ ፈቃዱ መጠይቅ ከፍቶ የሚመልስ አንባቢ ከመንገድ ዳሩ ሰብል ጋር ይመሳሰላል። የሚታየውና በቀላሉ የሚገኘው እርሱ ነው።

ይህን ለማረም የሚሞክሩ አሉ። ለፕሮግራም ባለሙያዎች መሣሪያ የሚሸጠው ጄትብሬንስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ የራሱን ዓመታዊ ጥናት ያወጣል። ለመጠይቁ በብዛት የሚመልሱት የራሱ ደንበኞች ሊሆኑ እንደሚችሉ በመገንዘብ፣ ከደንበኞቹ ውጭ ያሉ ሰዎችን በማስታወቂያ ይጋብዛል፤ በስሌቱም ላይ ማመጣጠኛ ይጨምራል። ዘዴውንም በጽሑፍ ያብራራል። ማመጣጠኛው አድልዎውን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል ማለት አይደለም። ሆኖም ጥናቱን የሚያወጣው አካል በገበያው ውስጥ የራሱ ጥቅም እንዳለው አንባቢው እንዲያውቅና እርምቱን እንዲመዝን ያስችለዋል።

ከመላሾቹ ውስጥ የኢትዮጵያ ሠልጣኝ የት አለ?

የስታክ ኦቨርፍሎው ጥናት ከፍተኛውን የመላሽ ቁጥር የሚያገኘው ከአሜሪካ ነው፤ ጀርመን፣ ሕንድና ብሪታንያ ይከተላሉ። መጠይቁ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ለመመለስም ኢንተርኔትና ትርፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ በጥናቱ የሚታየው «የዓለም» ምስል በአብዛኛው የእነዚህ አገራት የሥራ ገበያ ምስል ነው።

በባሕር ዳር፣ በጎንደር ወይም በደሴ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ከዚህ ምስል የሚያገኘው ጥቅም አለ። ለውጭ ኩባንያ ከቤቱ ሆኖ ለመሥራት ካሰበ የእነዚያን አገራት ፍላጎት ማወቅ ይጠቅመዋል። በአቅራቢያው ባለ ባንክ፣ ማኅበር ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ካሰበ ግን «ቀጣሪው የሚጠቀመው ሶፍትዌር በምን ቋንቋ ተጻፈ?» የሚለው ጥያቄ ከዓለም አቀፉ ደረጃ ይልቅ ይቀርበዋል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የአካባቢ የሥራ ማስታወቂያና የቀጣሪዎች ምላሽ ነው።

ጥሬው መረጃ መለቀቁ እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው። ስታክ ኦቨርፍሎው የእያንዳንዱን መላሽ አገር ስለሚያሳይ ማንኛውም ተመራማሪ ከኢትዮጵያ ስንት ሰው እንደመለሰና ምን እንዳለ መቁጠር ይችላል። በሥልጠና ሥራ የተሰማሩ ተቋማትም ለማስታወቂያ የሚመቸውን አንድ መቶኛ ከመምዘዝ ይልቅ ይህን ቢያደርጉ፣ ለሠልጣኞቻቸው የሚናገሩት ነገር ከእውነታው ጋር ይቀራረባል። የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ደግሞ የራሳቸውን ተመራቂዎች ጠይቀው ውጤቱን ከነመጠይቁ ቢያትሙ፣ ከየትኛውም የውጭ ደረጃ ይልቅ ለቤተሰብ የሚጠቅም መረጃ ይሆናል።

አርሶ አደሩ መላሽ ሲሆን

ግልጽ የሆነ የመረጃ አስተታተም በኢትዮጵያም የለም ማለት አይደለም። በቀድሞ ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ለዚህ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ በ2011 በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ወደ 4 ሺህ በሚጠጉ ቤተሰቦች የተጀመረው ይህ ጥናት በ2018ቱ ዙር 6 ሺህ 770 ቤተሰቦችን አካቷል። መጠይቁ፣ የናሙና አወጣጡና ስም የተነሣለት የእያንዳንዱ ቤተሰብ ምላሽ ለተመራማሪዎች ክፍት ነው።

ይህ ክፍትነት ለአርሶ አደሩ የሚያስገኘውን ጥቅም የመሬት ስፋት ጥያቄ ያሳያል። በጥናቱ አርሶ አደሩ የማሳውን ስፋት በራሱ ግምት ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም በጥማድ ነው። ጥማድ ደግሞ ከቦታ ቦታ የሚለያይ መለኪያ ነው፤ ስለዚህ ጥናቱ የአካባቢ መለኪያዎች ወደ ሔክታር የሚለወጡበትን ስሌት አብሮ ያወጣል። ከግምቱ ጎን ለጎን ማሳው በጂፒኤስ መሣሪያ ይለካል። በተለያዩ የአፍሪካ አገራት የተሰበሰቡ መሰል መረጃዎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች ትንንሽ ማሳዎች ከእውነተኛ ስፋታቸው በላይ፣ ሰፋፊዎቹ ደግሞ በታች የመገመት አዝማሚያ እንዳላቸው አሳይተዋል።

ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የትንሽ ማሳ ስፋት ተጋንኖ ከተመዘገበ ምርቱ ለብዙ መሬት ስለሚካፈል በሔክታር የሚገኘው ምርት ዝቅ ብሎ ይታያል። በወረቀት ላይ አነስተኛ አርሶ አደሩ ምርታማ ያልሆነ መስሎ ይቀርባል፤ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፍላጎት ግምትም ይዛባል። ስህተቱ ሊታወቅ የቻለው ግምቱም ልኬቱም፣ ጥሬው መረጃ ሳይደበቅ ስለወጣ ነው። አማካዩ ብቻ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ማንም አያየውም ነበር።

የሚጎድል ነገር ግን አለ። የጥናቱ ሰነዶች የሚገኙት በኢንተርኔት ሲሆን፣ የተጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው። ሰዓታትን ሰጥቶ የመለሰው አርሶ አደር የመልሱን ውጤት በሚሰማው ቋንቋ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። ግልጸኝነት ለተመራማሪ ብቻ በር የሚከፍት ከሆነ ግማሹ ብቻ ተሠርቷል። ውጤቱን በአጭሩ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች አዘጋጅቶ በሬዲዮ፣ በቀበሌ ስብሰባና በግብርና ባለሙያዎች በኩል ለመላሾቹ መመለስ ከጥናቱ ወጪ አንጻር ከባድ ሸክም አይሆንም። «ባለፈው የጠየቃችሁን ምን ላይ ዋለ?» ለሚለው የአርሶ አደር ጥያቄ መልስ ያለው ጥናት በቀጣዩ ዙር እውነተኛ መልስ ለማግኘትም የተሻለ ዕድል አለው።

ክፍትነትና ምሥጢር ጠባቂነት

ሁሉም ነገር ይለቀቅ ማለት ግን አይደለም። ስምን ብቻ ማንሳት የመላሹን ማንነት ለመደበቅ ሁልጊዜ አይበቃም። በአንድ ቀበሌ የውኃ መሳቢያ ሞተር ያለው አንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ፣ «ሞተር ያለው» የሚለው ቃል ብቻውን ስም እንደ መጥራት ነው። ከአንድ አገር ጥቂት ሰዎች ብቻ በመለሱበት የሶፍትዌር ጥናትም ዕድሜ፣ የሥራ ልምድና ደመወዝ ሲገጣጠሙ ሰውዬው ማን እንደሆነ ለባልደረባው ሊገለጽ ይችላል።

ለዚህ የተፈተኑ መፍትሔዎች አሉ። የኢትዮጵያው የቤተሰብ ጥናት የናሙና ቦታዎችን መገኛ ሲያወጣ ትክክለኛውን ነጥብ አይሰጥም፤ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ሜትር በዕጣ አዛውሮ ያትማል። ተመራማሪው የአካባቢውን የዝናብና የመንገድ ሁኔታ ማጥናት ይችላል፤ የቤቱን ደጃፍ ግን ሊያገኝ አይችልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም ለዚህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። አዋጁ የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስቡና የሚጠቀሙ አካላት ላይ ኃላፊነት ይጥላል። ይሁን እንጂ የመላሾችን ምሥጢር መጠበቅ መጠይቁን፣ የመላሾቹን ብዛትና የስሌቱን ዘዴ ላለማሳተም ሰበብ ሊሆን አይገባም፤ እነዚህ የማንንም ማንነት አይገልጡም።

አንባቢ ምን ይጠይቅ?

አንድ የዳሰሳ ጥናት ውጤት በማስታወቂያም ሆነ በዜና ሲቀርብ ለመመዘን የስታቲስቲክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሳት ይበቃል።

አንደኛ፣ ማን ተጠየቀ? በዕጣ የተመረጠ ሰው ነው ወይስ በፈቃዱ የመለሰ?

ሁለተኛ፣ ስንት ሰው መለሰ? ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸርስ?

ሦስተኛ፣ ጥያቄው በምን ቃል ቀረበ? አንድ ብቻ ነው የሚመረጠው ወይስ ብዙ?

አራተኛ፣ መቶኛው ከስንቱ ላይ ተሰላ? ከሁሉም መላሾች ነው ወይስ ከተወሰኑት?

አምስተኛ፣ ጥናቱን ያወጣው ማን ነው? በውጤቱስ ምን ይጠቀማል?

ስድስተኛ፣ ሌላ ሰው እንደገና ሊያሰላው የሚችል ጥሬ መረጃ ወጥቷል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቀረበ ቁጥር የግድ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ሚዛኑ ሳይታይ እንደተመዘነ እህል ነው፤ ገዢው ሻጩን ከማመን በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ኃላፊነቱም በአንባቢው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። መገናኛ ብዙኃን አንድን ደረጃ ሲዘግቡ የመላሾቹን ብዛትና የአመራረጡን ዘዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይችላሉ። የሥልጠና ተቋማትም በማስታወቂያቸው ላይ የሚጠቅሱትን ቁጥር ምንጭና ዓመት መጻፍ ይጠበቅባቸዋል።

ለልጁ የሥልጠና ክፍያ የሚከፍል ቤተሰብና ስለ ማሳው የሚጠየቅ አርሶ አደር በቁጥሩ ሁለት ጫፍ ላይ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ቁጥሩን አምኖ ይወስናል፣ ሌላው ቁጥሩን ይሰጣል። አንዱ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ የማወቅ፣ ሌላው የሰጠው መልስ ምን ላይ እንደዋለ የመስማት መብት አለው። ጥናት አውጪዎች ሁለቱንም ማክበራቸው የሚታወቀው ከመቶኛው አጠገብ በሚያስቀምጡት ማብራሪያ ነው።